የዱር ወይስ የደን? የካፋ ቡና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአንድ ቃል ምርጫ የሚያመጣው ልዩነት

በቦንጋ ዙሪያ ካሉ ደኖች የሚለቀም ቡና ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ፣ ከቡናው ቀድሞ ገዢው ዘንድ የሚደርሰው ስሙ ነው። ናሙናው ተቆልቶ ከመቀመሱ በፊት በመግለጫ ወረቀቱ፣ በከረጢቱና በውሉ ላይ የሰፈረው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ይነበባል። መጠሪያው «ዋይልድ» የሚል ቃል ሊይዝ ይችላል፤ «ፎረስት» የሚልም ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ «የጫካ ቡና» ተብለው በቀላሉ ይታለፋሉ። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ቡናው እንዴት እንደበቀለ ይመሰክራል፤ ሌላው የት እንዳደገ ብቻ ይናገራል። ቃሉን የመረጠው ሰው ሳያውቀው ለገዢው አንድ ቃል ኪዳን ገብቷል ማለት ነው።

ጉዳዩ የቡና ነጋዴዎች ብቻ አይደለም። የማኅበር ሊቀ መንበር የሚጽፈው ደብዳቤ፣ የጽሕፈት ቤት ባለሙያ የሚያዘጋጀው የፕሮጀክት ሰነድ፣ ለጎብኚዎች የሚተከል ሰሌዳ፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያቀርበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ አቻ ቃላት መካከል መምረጥ ግድ ይላቸዋል። በትምህርት ቤት አቻ ቃላት የሚጠኑት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ የዚህ አቻ ያ ነው ተብሎ መልሱ ይከበባል። በፈተና ወረቀት ላይ ትክክል የሆነው መልስ ግን በውል ወረቀት ላይ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

አቻ ቃላት ለምን አንድ አይሆኑም?

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት በራሱ ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የተከበሩ አዛውንት «አረፉ» ይባላል እንጂ «ሞቱ» ማለት ለአፍ ይከብዳል። በጦር ሜዳ ለአገሩ የወደቀ ደግሞ «ተሰዋ» ይባላል። የተፈጸመው ነገር አንድ ነው፤ ቃሉ ግን የሟቹን ክብር፣ የአሟሟቱን ሁኔታና የተናጋሪውን ስሜት አብሮ ይናገራል። በሥራ ቋንቋም እንዲሁ ነው። ጤፍ ይታጨዳል፣ ቡና ይለቀማል፣ ማር ይቆረጣል። «ቡናው ታጨደ» የሚል ሰው ሐሳቡ ባይጠፋም ለሥራው እንግዳ መሆኑን ያስታውቃል።

እንግሊዝኛ በአቻ ቃላት የበለጸገው በታሪኩ ምክንያት ነው። ከፈረንሳይ ምድር የመጡ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ በጥንቱ የሕዝብ ቋንቋ ላይ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ተደረበ። በዚያ ላይ የሊቃውንቱና የቤተ ክርስቲያኑ ላቲን ተጨመረበት። በዚህም ምክንያት ለአንድ ሐሳብ ሁለትና ሦስት ቃላት ጎን ለጎን ኖሩ። «መጠየቅ» ለሚለው «አስክ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ፣ «ኩዌስችን» ከፈረንሳይኛ፣ «ኢንተሮጌት» ከላቲን መጥተዋል። የመጀመሪያው የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ጥርጣሬ ሊያዝል ይችላል፤ ሦስተኛው ፖሊስ ተጠርጣሪን የሚመረምርበት ነው። አንድ የማኅበር ጸሐፊ ስለ ዋጋ ገዢውን መጠየቅ ፈልጎ ሦስተኛውን ቃል ቢጠቀም፣ የትሕትና ደብዳቤው የምርመራ መጥሪያ ይመስላል።

አቻ ቃላትን ለመለየት አራት መለኪያዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ፍች ነው፦ ቃሉ በትክክል ምን ይላል? ሁለተኛው ስሜት ነው፦ ያከብራል፣ ያዋርዳል ወይስ ገለልተኛ ነው? ሦስተኛው ጉርብትና ነው፦ ቃሉ በልማድ ከየትኞቹ ቃላት ጋር ይቀመጣል? አራተኛው ሥልጣን ነው፦ ትርጉሙን በሕግ ወይም በሙያ ደንብ የወሰነው አካል አለ? የካፋን ምርትና ምድር የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት በእነዚህ መለኪያዎች ሲፈተኑ ልዩነታቸው ወለል ብሎ ይታያል።

ሰው ያልተከለውና በጥላ ሥር ያደገው

«ዋይልድ» ስለ ተክል ሲነገር ሰው ሳይዘራው፣ ሳይተክለውና ሳይመርጠው በራሱ የበቀለ ማለት ነው። «ፎረስት» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የዛፍ ብዛትን ሳይሆን ለንጉሥ አደን በሕግ የተከለለ መሬትን ያመለክት ነበር። ዛሬ ደን ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ «ፎረስት ኮፊ» የሚለው መጠሪያ ቡናው በደን ዛፎች ጥላ ሥር ማደጉን ይገልጻል እንጂ የሰው እጅ አልነካውም አይልም።

የኢትዮጵያ የቡና ባለሙያዎች የአመራረት ሁኔታን በተለምዶ በአራት ይከፍሉታል፦ የደን ቡና፣ ከፊል የደን ቡና፣ የጓሮ ቡናና የሰፋፊ እርሻ ቡና። በደን ቡና ተክሉ ወፎችና ዝንጀሮዎች ከበተኑት ወይም ከእናቱ ሥር ከወደቀው ፍሬ በራሱ ይበቅላል፤ ሰው የሚገባው በአብዛኛው ለለቀማ ነው። በከፊል የደን ቡና ገበሬው ሥር ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥላውን ያሳሳል፣ ባዶ በሆነው ቦታም ችግኝ ይተክላል። የጓሮ ቡና በቤት ዙሪያ ከእንሰትና ከሌላ ሰብል ጋር ይለማል።

ለመጀመሪያው ዓይነት «ዋይልድ»ም «ፎረስት»ም እውነት ናቸው። ለሁለተኛው «ሰሚ ፎረስት» ትክክለኛ መጠሪያው ነው፤ «ዋይልድ» ማለት ግን ገበሬው የደከመበትን ሥራ መካድ፣ ገዢውንም ማሳሳት ይሆናል። ለሦስተኛው፣ ጓሮው ከደኑ ጋር ቢዋሰንም እንኳ፣ ከሁለቱ አንዱም አይሆንም። ሦስቱም ቡናዎች በአንድ ከረጢት ተደባልቀው «ዋይልድ» ተብለው ቢሸጡ፣ ጉዳዩ የቋንቋ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ የእምነት ጉድለት ይሆናል።

በእነዚህ መካከል ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ቃል አለ፤ «ፌራል» ይባላል። አንድ ጊዜ በሰው እጅ ለምቶ በኋላ ተመልሶ ዱር የሆነን ተክል ወይም እንስሳ ይመለከታል። ሰው ጥሎት በሄደ አሮጌ ጓሮ ውስጥ ደን ሲመለስ፣ በዚያ የቀረው ቡና ለዓይን የዱር ይመስላል፤ ለተመራማሪ ግን «ፌራል» ነው። ልዩነቱ የከንቱ ክርክር አይደለም። በሰው ያልተመረጠ ቡና ብዙ ዓይነት የዘር ባሕርይ ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን የመረጠው በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ከሚገኙ ቡናዎች ነበር። ለሳይንቲስቱ «ዋይልድ» የሚለው ቃል ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

የቃሉ ሌላ ዘመድ «ሳቬጅ» ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ «የደን» ማለት ነበር። በጊዜ ብዛት ግን «አውሬ፣ ጨካኝ፣ ያልሠለጠነ» ወደሚል ስድብ ተለወጠ። በአማርኛም «ዱር» ከሚለው «ዱርዬ» ወጥቷል። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የ«ዋይልድ»ን አቻ የሚፈልግ ሰው «ሳቬጅ»ን ሊያገኝ ይችላል፤ በቡና ከረጢት ላይ ግን ሊያትመው አይገባም።

ማርም እንዲሁ ይለያል። ንቦቹ ሰው ባላዘጋጀላቸው የዛፍ ሽንቁር ውስጥ የሠሩት ማር «ዋይልድ ሃኒ» ነው። የካፋ ንብ አናቢ ቀፎ ሠርቶ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሰቅሎ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚቆርጠው ማር ግን «ፎረስት ሃኒ» ቢባል ይበልጥ እውነት ይሆናል፤ የሰውየውንም ድካም አይሰርዝም።

መነሻ፣ የትውልድ ስፍራና «ኦሪጂን»

ካፋ የቡና መገኛ መሆኗ የዞኑ ሕዝብ ኩራት ነው። በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም መገንባቱ፣ በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ደንም በዚህ ስም መጠራቱ ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን ኩራት በእንግሊዝኛ ለመግለጽ «ኦሪጂን»፣ «በርዝፕሌስ»፣ «ሆም» እና «ኦሪጂናል» የሚሉ ቃላት በየቦታው ይጻፋሉ።

«በርዝፕሌስ» የትውልድ ስፍራ ማለት ነው። ስሜትን የሚነካ፣ ታሪክ የሚተርክ፣ አንድን ቦታ ነጥሎ የሚያመለክት ቃል ነው። ለጎብኚ ሰሌዳ ይስማማል። በምርምር ጽሑፍ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ምክንያቱም በዱር የሚገኝ የዐረቢካ ቡና ዋነኛ መኖሪያው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ቢሆኑም፣ በደቡብ ሱዳን በቦማ አምባና በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት ተራራም ተገኝቷል። ስለዚህ የሳይንስ ጸሐፊ «የመገኛና የብዝኃነት ማዕከል» የሚለውን ሰፋ ያለ አገላለጽ ይመርጣል። ይህ የካፋን ድርሻ አያሳንስም፤ እንዲያውም ሊካድ በማይችል መሠረት ላይ ያቆመዋል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው «ኦሪጂን» ላይ ነው። በዕለታዊ እንግሊዝኛ «መነሻ» ማለት ነው። በቡና ንግድ ቋንቋ ግን ይህ ቡና የመጣበት አገር ወይም አካባቢ ማለት ብቻ ነው። በዚህ አነጋገር ብራዚልም፣ ቬትናምም፣ ኮሎምቢያም «ኦሪጂን» ናቸው። በከረጢት ላይ «የቡና ኦሪጂን፦ ካፋ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው «ቡና የተገኘው እዚህ ነው» ማለቱ ነው፤ ገዢው የሚያነበው ግን «ይህ ጭነት ከካፋ የመጣ ነው» ብሎ ነው። ሺህ ዓመታትን ሊናገር የታሰበ ቃል የጭነት አድራሻ ሆኖ ይቀራል።

«ኦሪጂናል»ም ከዚሁ ሥር ቢወጣም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። በገበያ ላይ «ዋናው እንጂ ቅጂው አይደለም» የሚል ድምፅ አለው፤ ለስልክና ለመለዋወጫ ዕቃ የሚነገር ነው። «ኦሪጂናል ኮፊ» የተባለ ቡና ሌላ አስመሳይ ቡና መኖሩን የሚያስጠረጥር እንጂ የቡናን የትውልድ ምድር የሚያስታውስ አይሆንም። «ሆም» ግን ትሑትና ጠንካራ ቃል ነው፤ ቡና ዛሬም በዚህ ምድር በራሱ እንደሚኖር ይናገራል።

ሕግ የያዛቸው ቃላት

በካፋ ደን ውስጥ የሚለቀም ቡና ማዳበሪያም ኬሚካልም አያውቅም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ናቹራል» ወይም «ኦርጋኒክ» ብሎ መጻፍ እውነትን መናገር ይመስላል። ሁለቱም ቃላት ግን በንግዱ ዓለም ባለቤት አላቸው።

«ናቹራል» በተራ እንግሊዝኛ «ተፈጥሯዊ» ነው። በቡና ሙያ ግን የአዘገጃጀት ስም ነው፤ እሸቱ ሳይፈለፈል እንዳለ በፀሐይ የደረቀ ቡና ማለት ነው። በአገራችን «ያልታጠበ» ወይም «ደረቅ ቡና» የሚባለው ይኸው ነው። ኬሚካል ተረጭቶበት ያደገ ቡናም እንደ ጀንፈል እስከደረቀ ድረስ «ናቹራል» ይባላል። በአንጻሩ ከደን የተለቀመው ቡና ታጥቦ ከተዘጋጀ «ናቹራል» አይባልም። «ያልታጠበ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ «አንዎሽድ» መመለስም ችግር አለው፤ ለቡና ባለሙያ ቢገባውም በተራ ሸማች ጆሮ «ቆሻሻ» የሚል ስሜት ያሰማል። ለሸማች በሚዘጋጅ ጽሑፍ «ናቹራል» የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው።

«ኦርጋኒክ» ከዚህም ጠንከር ያለ ነው። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ የቃሉ ትርጉም በሕግ ተወስኗል። አምራቹ በታወቀ አካል ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ካልያዘ በስተቀር፣ ቡናው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። በአውሮፓ «ባዮ» እና «ኢኮ» የሚሉት አጫጭር ቃላትም በዚሁ ጥበቃ ሥር ናቸው። ስለዚህ የምስክር ወረቀት የሌለው ማኅበር እውነታውን በተራ ቃላት ቢናገር ይሻለዋል፦ «በደን ጥላ ሥር፣ ያለ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ የበቀለ» ማለት ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ይዞ ሕግ ሳይጥስ ያልፋል።

የቃል ልዩነት ለኢትዮጵያ ቡና ምን ያህል ገንዘብና ክብር እንዳለው ያሳየው ትልቁ ምስክር የንግድ ምልክት ሙግቱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። የሙግቱ አንዱ እምብርት ሁለት ተቀራራቢ የሕግ ቃላት ነበሩ፦ «ጄኔሪክ» እና «ዲስክሪፕቲቭ»። ለተራ አንባቢ ሁለቱም «አጠቃላይ መግለጫ» ይመስላሉ። በንግድ ምልክት ሕግ ግን «ጄኔሪክ» የተባለ ስም የዕቃው ዓይነት መጠሪያ ስለሆነ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። «ዲስክሪፕቲቭ» የተባለው ግን ገዢዎች ስሙን ከአንድ ምንጭ ጋር አያይዘው ማወቃቸው ከተረጋገጠ ሊመዘገብ ይችላል። በአንደኛው በር ዝግ ነው፤ በሁለተኛው ገርበብ ብሎ ይገኛል። ኢትዮጵያ ስሞቹ የታወቀ ምንጭ ያላቸው መሆናቸውን ተከራከረች፤ በሰኔ ወር እ.ኤ.አ. 2007 ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚመለከት ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ።

የኢትዮጵያ ታሪክም ቃል ከውል ወረቀት አልፎ ወደ ጦር ሜዳ ሊወስድ እንደሚችል ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተተረጎመ። ልዩነቱ ከዓድዋ ጦርነት መንሥኤዎች ዋነኛው ሆነ።

መጠበቅ፣ መንከባከብና አለመንካት

እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነውን የካፋ ምድር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበ። ከዚያ ወዲህ «ኮንሰርቭ» እና «ፕሪዘርቭ» የሚሉት ቃላት ከዞኑ ስም ጋር አብረው ይጻፋሉ። ሁለቱም «መጠበቅ» ከሚል አንድ የላቲን ሥር የወጡ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል።

«ፕሪዘርቭ» እንዳለ ሳይለወጥ ማቆየት ነው። በእንግሊዝኛ በስኳር ተቀቅሎ በጠርሙስ የታሸገ ፍራፍሬም በዚሁ ቃል ይጠራል። «ኮንሰርቭ» ግን እየተጠቀሙ እንዳያልቅ መንከባከብ ነው። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህ የቃላት ልዩነት የፖሊሲ ክርክር ነበር። ጆን ሙር ተፈጥሮ ሳትነካ ትቆይ ሲል፣ የአገሪቱ የደን አገልግሎት የመጀመሪያ ኃላፊ ጊፈርድ ፒንሾ በጥበብ እንጠቀምባት ይል ነበር። በካሊፎርኒያ የሄች ሄቺ ሸለቆ ላይ ግድብ ይሠራ አይሠራ በሚለው ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ፤ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1913 ግድቡን ፈቀደ።

ለካፋ ገበሬ ልዩነቱ የኑሮ ጉዳይ ነው። ባዮስፌር ሪዘርቭ በሦስት ቀጠናዎች ይከፈላል። እምብርቱ በጥብቅ የሚጠበቅ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቀጠና ደኑን በማይጎዳ መልኩ ጥቅም የሚገኝበት ነው፤ ውጫዊው ቀጠና እርሻና ከተማ ያለበት የዘላቂ ልማት ክልል ነው። ለእምብርቱ «ፕሪዘርቭ» ይስማማል። ገበሬው ቡና የሚለቅምበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበስብበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት ደን ግን «ኮንሰርቭ» የሚባል ነው። አንድ የፕሮጀክት ሰነድ ለሁሉም «ፕሪዘርቭ» ብሎ ቢጽፍ፣ በሩቅ አገር ያለ አንባቢ ሰው ከደኑ ሊወጣ ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል። «ሪዘርቭ»ን በ«ፓርክ» መተካትም ተመሳሳይ ስሕተት ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ ሰው የማይሰፍርበት ክልል ተደርጎ ሲታሰብ፣ ባዮስፌር ሪዘርቭ ግን ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት እንዲሆን የታሰበ ነው።

ከጥበቃ ጋር የሚነሡት «ትሬተንድ» እና «ኤንዴንጀርድ» የሚሉት ቃላትም በልማድ ይቀያየራሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን ለየብቻ ደረጃ ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ሦስት የአደጋ ደረጃዎችን የሚያቅፍ የወል ስም ነው፤ ሁለተኛው ከሦስቱ የመካከለኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ124ቱ የቡና ዝርያዎች 60 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው የወል ስም ሥር እንደሚወድቁ አመልክቷል፤ በዱር የሚገኘው ዐረቢካ ደግሞ «ኤንዴንጀርድ» ተብሎ ተመድቧል። በአደጋ ላይ ያለው በእርሻ የሚለማው ዐረቢካ አይደለም፤ በደን ውስጥ በራሱ የሚበቅለው ነው። «ዋይልድ» የሚለውን ቃል በየከረጢቱ መበተን ይህን እውነተኛ አደጋ ይሸፍነዋል።

ክብርን የሚነኩ ቃላት

አንዳንድ አቻ ቃላት በፍች ሳይሆን በስሜት ይለያያሉ። «ፔዛንት» እና «ፋርመር» ሁለቱም ገበሬ ናቸው። በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት በእንግሊዝኛ ሰነዶች የተጠሩት በመጀመሪያው ቃል ነው። ዛሬ በተራ እንግሊዝኛ ቃሉ «ያልተማረ፣ ኋላ ቀር» የሚል ንቀት ሊያሰማ ይችላል። አነስተኛ ይዞታ ያለውን አምራች ለመግለጽ «ስሞልሆልደር» የሚለው ገለልተኛ ነው። በአማርኛም በሰነዶች «አርሶ አደር» የሚለው «ገበሬ»ን መተካቱ ተመሳሳይ ስሜትን የተከተለ ነው።

በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ «ፕሪሚቲቭ» ሲባል ኋላ ቀር ይሆናል፤ «ትራዲሽናል» ሲባል ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ዕውቀት ይሆናል። ቀፎው ያው ነው። የካፋ ሕዝብ «ትራይብ» ሲባል የቅኝ ገዢዎች አነጋገር ይሰማል፤ «ፒፕል» ሲባል ግን ታሪክና ቋንቋ ያለው ሕዝብ ነው። ታቶ ጋኪ ሸሮቾም እ.ኤ.አ. እስከ 1897 የካፋ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ነበሩና ትክክለኛው ቃል «ኪንግ» ነው፤ «ቺፍ» የሚለው የጎሣ አለቃ ያደርጋቸዋል።

የካፋ ዋነኛ ምግብ የሆነው እንሰትም በእንግሊዝኛ «ፎልስ ባናና» ይባላል። በዕፅዋት ስያሜ «ፎልስ» ማለት «የሚመስል ግን ያልሆነ» ማለት ሲሆን እንደ «ፌክ» ለማታለል የተሠራ ሐሰተኛ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ለተራ አንባቢ ሚሊዮኖችን የሚመግብ ተክል የሌላ ተክል ቅጂ ሆኖ ይታየዋል። «እንሰት» የሚለው ስም በሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥም ስላለ፣ በራሱ ስም ጠርቶ አንድ ጊዜ ማብራራት ይበቃል።

ቃሉን ከመጻፍ በፊት

የተሻለውን ቃል ለመምረጥ የቋንቋ ሊቅ መሆን ግድ አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ከእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ባሻገር ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መመልከት ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ፍቹን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚገባበትን ዐረፍተ ነገርም ያሳያል። የአቻ ቃላት ዝርዝር ብቻ የያዘ መጽሐፍ ግን የሚጠቅመው ልዩነቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ የተመረጠውን ቃል በአቻው ተክቶ ዐረፍተ ነገሩን ደግሞ ማንበብ ነው። ሲተካ የሚለወጠው ምንድን ነው? እውነታው፣ ስሜቱ ወይስ የሕግ ግዴታው? ምንም ካልተለወጠ አጭሩንና የተለመደውን መውሰድ ይሻላል። ሦስተኛው፣ ቃሉ የሙያ ወይም የሕግ ትርጉም እንዳለው በዘርፉ ያለ ሰው መጠየቅ ነው፤ ቡና ከሆነ ቀማሹን፣ ደን ከሆነ የደን ባለሙያውን፣ ውል ከሆነ ጠበቃውን። አራተኛው፣ ቃሉ የሚለው ነገር መሬት ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ የማይናገረው፣ ቡናውን የለቀመው ሰው ነው። ችግኙን ማን ተከለው? ሥሩን ማን መነጠረው? ጀንፈሉ የት ደረቀ? መልሱ ሲገኝ ቃሉም አብሮ ይገኛል።

በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ከባድ የሚመስለውን ቃል መምረጥ ዕውቀት ይመስለው ይሆናል። ከላይ የታዩት ምሳሌዎች ግን የሚያሳዩት ሌላ ነው። «ፎረስት» ከ«ዋይልድ» ይልቅ ለጆሮ የደበዘዘ ይሆናል፤ ለከፊል የደን ቡና ግን ከእውነቱ ጋር የሚቀራረበው እርሱ ነው። ገዢው ወደ ካፋ መጥቶ ደኑን ቢያይ፣ በከረጢቱ ላይ ያነበበውን ቃል በዛፎቹ ሥር ማግኘት አለበት።